ሥርጉት የደበቀችው ስም

ሥርጉት የኮሌጃችንን የእግር ኳስ ቡድን ማሊያ የምታጥብ ሴት ናት። እኔ የበሩ ጥበቃ ነኝ። ጠዋት ስትገባ ቦርሳዋን ልፈትሽ ስል "ምን ልትጨምርብኝ ነው?" ትለኛለች። ወፍጮ ቤት እንኳ ዱቄቴን ይለውጡብኛል ብላ ከሚዛኑ ሥር የማትነቃነቅ ሴት ናት፤ ደብረ ብርሃን ያለ ባለ ወፍጮ ሁሉ ያውቃታል።

ዘንድሮ አዲስ አሰልጣኝ መጣ። ሰይፈሥላሴ ይባላል፤ ዝምተኛ ሰው ነው። በመጀመሪያው ልምምድ ተጫዋቾቹን ሰብስቦ "የክርስትና ስማችሁን ንገሩኝ፤ የማታውቁ እናታችሁን ጠይቃችሁ ኑ" አላቸው። ለምን ቢሉት "ያስፈልገኛል" አለ፤ በቃ።

በረኛው ቃለ አብ የሥርጉት ልጅ ነው። ሄዶ ጠየቃት። ኧረ ጉድ! በማግስቱ በሩ ላይ ያዘችኝ።

"ሰማህ? የክርስትና ስም ለኳስ ምን ያደርጋል? መተት ሊያሠራባቸው ነው እንጂ! ስም ካልያዘ አዋቂ ምን ይሠራል?"

"ታዲያ ከለከልሽው?"

"ብከለክለው ልጄን ያባርርብኛል። የወንድሙን ሰጠሁት።"

ክው አልኩ። የቃለ አብ ታላቅ በልጅነቱ በኩፍኝ ሞቷል፤ የቀራት ይሄ አንድ ልጅ ነው።

"ወልደ ሰንበት ነኝ በለው አልኩት። የሞተ ሰው ላይ ምን ያመጣል?" ብላኝ ወደ ሳፋዋ ሄደች።

አሰልጣኙም ለሐሜት የተመቸ ነው። አምና የማንም መጫወቻ የነበረው ቡድን እሱ ከመጣ ወዲህ ማሸነፍ ጀመረ። በዚያ ውርጭ ጎህ ሳይቀድ ሲያስሮጣቸው አያለሁና እኔ ልምምዱ ነው እላለሁ። እሷ ግን "በባዶ እጅማ እንዲህ አይሆንም" ትላለች። ማሊያ ስታጥብ ስፌቱን ሁሉ ትዳስሳለች፤ የተሰፋበት ነገር አለ ብላ። ደግሞ ጨዋታ ሲኖር በዋዜማው ብቻውን ሚኒባስ ይዞ አንኮበር ይሄዳል። የአንኮበሩ ነገር እኔንም ከንክኖኝ ነበር።

ከዋንጫው ጨዋታ በፊት በነበረው ግጥሚያ ቃለ አብ ከአጥቂ ጋር ተጋጭቶ ጉልበቱን ተጎዳ።

"ይኸው! የሰው ልጅ ሁሉ ደህና፣ የኔ ብቻ!" ብላ ጮኸች።

"አንቺ ሴትዮ፣ የእሱን ስም አልሰጠሽውም! መተቱ በምን አገኘው?" አልኳት።

ከቡድኑ አስወጣዋለሁ አለች። ቃለ አብም "ካስወጣሽኝ ከቤትሽም እወጣለሁ" አላት። ያኔ የእውነት ፈራች። በመተቱ ባይሆን በኩርፊያ አንድ ልጇን ልታጣ ሆነ።

"አንኮበር ውሰደኝ፤ ያንን አዋቂ ፊት ለፊት ልግጠመው" አለችኝ።

ሄድን። የሚኒባሱ ሾፌር አሰልጣኙ የሚገባበትን ቤት በጣቱ አሳየን፤ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ያለች ትንሽ ቤት ናት። እማሆይ ማኅደረማርያም የሚባሉ አሮጊት መነኩሲት መቁጠሪያቸውን ይዘው ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል።

"የአሰልጣኙ አዋቂ እርስዎ ነዎት?" አለች ሥርጉት፣ እንደምን ዋሉ እንኳ ሳትል።

እማሆይ ሳቁ። "እናቱ ነኝ። ልጆቹን በጸሎት አስቢልኝ ብሎ ስማቸውን አምጥቶልኛል። ይቺ ኳስ ክፉ ናት፤ አጥንት ትሰብራለች።"

ሥርጉት አላመነችም። "እስቲ ይጥሯቸው!"

መቁጠሪያውን እየቆጠሩ በቃላቸው ይጠሯቸው ጀመር። "ወልደ ሰንበትን ጠብቅልኝ" ሲሉ ሥርጉት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"ይሄኛው እንኳ ጉልበቱን ታሟል አሉ" አሉ እማሆይ። "ለብቻው ስግደት ጨምሬለታለሁ። ይድናል፣ ገና ይሮጣል።"

ሥርጉት መሬቱ ላይ ዘጭ ብላ አለቀሰች። ያንን ልጇን ከቀበረች ወዲህ ስለ እሱ ገና ይሮጣል ያላት ሰው አልነበረም።

"በይ ንገሪያቸውና ስሙን ያስተካክሉት" አልኳት።

"እምቢ" አለች። እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ወደ እማሆይ ተጠጋች። "እማሆይ፣ ወልደ ሰንበትን አያውጡብኝ። ባይሆን አንድ ልጅ ይጨምሩልኝ።"

"ማን ልበለው?"

አፏን ወደ ጆሯቸው አስጠጋች። ልትናገር ስትል ቀና ብላ አየችኝ።

"አንተ ሂድ ወዲያ!" አለችኝ።

ሄድኩላት።