የሬገንስቡርጉ ስለት

እናቴ ከጀርመን በተመለሰች በዓመቱ ባሕር ዳር ልጠይቃት ብሄድ፣ አልጋዋ ላይ ጥልፍ ዣንጥላ ተዘርግቶ ጠበቀኝ።

«ስለቴ ነው፤ ስትመለስ ታስገባልኛለህ» አለችኝ።

የት እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

የምኖረው ሬገንስቡርግ ነው፤ ዳኑብ ወንዝ ዳር ያለች አሮጌ ከተማ ናት። የጥንት ሮማውያን ጦር የሰፈረባት ስትሆን፣ ከሰፈሩ አንድ የድንጋይ በር እስከ ዛሬ ቆሟል። እናቴን የወሰድኋት የዓይን ሞራዋን ላስገፍፍ ነበር። ባሕር ዳርም ይገፈፋል፤ እኔ ግን ውጭ አገር ያለ ልጅ መሆኔን ማሳየት ነበረብኝ።

ሐኪም ቤት በሄድን ቁጥር በዚያ በር እናልፋለን። የመጀመሪያ ቀን ድንጋዩን በእጇ ዳበሰችና ተሳለመችው። ይህን ያህል ያረጀ ድንጋይ ለእሷ ከቤተ ክርስቲያን በቀር ሌላ ሊሆን አይችልም። ልነግራት አፌን ከፈትሁ። ግንባሯን አስደግፋ «ዓይኔን ብታበራልኝ ጥልፍ ዣንጥላ አገባለሁ» ስትል ሰማሁና መልሼ ዘጋሁት። ከጎን ካለው ቢራ ቤት የተቀመጡት ሰዎች ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ያዩን ነበር። ወር ሙሉ እንዲሁ ሆነ። ሞራው ተገፈፈ፣ ዓይኗ በራ፤ ከዚያ ወዲያ በሌላ መንገድ ወሰድኋት።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። የእኔ ግን ነቀዘ፤ ዣንጥላውን ለቢራ ቤቱ አላስረክብ ነገር።

«ቤተ ክርስቲያን አይደለም፣ እማዬ። የወታደር በር ነው።»

«የየት ወታደር?»

«የሮማ።»

«ጌታን የሰቀሉት?»

«የእነሱ ወገን።»

እናቴ በየዓመቱ ለስቅለት ጉልበቷ እስኪላላጥ የምትሰግድ ሴት ናት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አንድ ዓይኗን በመዳፏ ሸፍና መስኮቱን አየች፤ ቀጥላ ሌላውን ሸፍና አየች። ስለቱ የትም ካልደረሰ ብርሃኗ ተመልሶ ይወሰዳል ብላ መፍራቷ ገባኝ። አፈርሁ።

«ጎኑን በጦር የወጋውም እኮ የሮማ ወታደር ነው፤ ደሙ ቢነካው ዓይኑ በራለት» አለች። «እኔም የለመንሁት ባለቤቱን እንጂ ድንጋዩን አይደለም።»

እፎይ አልሁ።

«ግን» አለች ዣንጥላውን እያጠፈች፣ «እኔ ያኔ አላይም ነበር። አንተ ታይ ነበር።»

በማግስቱ በጀልባ ዘጌ ተሻግረን ስለቱን አስገባን። ዣንጥላውን የተሸከምሁት እኔ ነኝ። እሷ በእግር መንገዱ ከፊት ከፊቴ ትሄድ ነበር፤ እጇን ልይዛት ብል አልሰጠችኝም።