አግዳሚውን እንደ ቅርጫ

ከላሊበላ በእግር ግማሽ ቀን የሚያስኬደው የመንደራችን ትምህርት ቤት ግድግዳና ቆርቆሮ እንጂ መቀመጫ አልነበረውም። ልጆቹ ከሜዳ አንከባለው ያስገቡት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይጽፋሉ። የኛ አገር ብርድ ደግሞ የሚገባው በድንጋይ በኩል ነው። ስለዚህ በደቦ አግዳሚ እንሥራ ተባባልን። እንጨት ያለው እንጨት፣ መጋዝ ያለው መጋዝ ይዞ ወጣ። እኔም ከጓሮዬ ሁለት ባሕር ዛፍ አስቆረጥኩ።

ጥፋታችን እዚህ ላይ ነው፤ ሁላችንም ያሠራነው ለየልጆቻችን ነበር። እኔ ራሴ የልጅ ልጄን እግር በስንዝር ለክቼ ለአናጺው ነግሬዋለሁ።

እናቶች በየተራ ለተማሪዎቹ ቆሎ እናደርሳለን። ተራዬ ደርሶ ስገባ የጎረቤቴ ልጅ፣ እንጨት ካላዋጡት ሰዎች ልጆች ጋር፣ ጥግ ላይ ድንጋይዋ ላይ ተቀምጣ አየኋት። ከልጅ ልጄ አጠገብ ባዶ ቦታ አለ።

«ለምን አታስጠጊያትም?» አልኳት የልጅ ልጄን።

«የኔ ነዋ! አንቺ አይደለሽ ያሠራሽልኝ?»

ቆሎውን ለሁሉም እኩል በስኒ ሰፈርኩ። ለቆሎ የማውቀውን ለመቀመጫ ረስቼው ኖሯል።

በመልሴ ጎረቤቴ ዘንድ ገባሁ። ባሏ የሞተባት፣ ጓሮዋ አንድ እንጨት የሌላት ሴት ናት።

«እትዬ፣ ከእንግዲህ አልልካትም» አለችኝ። «ድንጋይ ላይ በብርድ ከምታልቅ ቤት ሆና ሕፃኑን ወንድሟን ትያዝልኝ።»

«እስከ ሰኞ ታገሺኝ» አልኳት።

እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ የወላጅ ኮሚቴውን ሊቀመንበር ሰው ፊት ያዝኩት።

«አንተ፣ ለፋሲካ በሬ ስንቃረጥ መደቡን ማን ይመርጣል?»

«ዕጣ ነዋ፣ እትዬ።»

«በሬውን ጎትቼ ያመጣሁ እኔ ነኝ ብሎ ሽንጡን የሚያነሳ አለ?»

«የለም። ግን ቅርጫው ውስጥ ያልገባ ሰውም አይደርሰውም። ጎረቤትዎ ለአግዳሚው እንጨት አላዋጡም።»

«ባሏስ? ያ ግድግዳ ሲቆም ድንጋዩን በጀርባው ያመላለሰው ማን ነው? አንተማ ያን ጊዜ ወገቤን ብለህ ጥላ ስር ነበርክ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱም ሳቀ፣ ጆሮው ግን ቀላ።

«እንግዲያው ምን ይሁን ይላሉ?»

«በየሳምንቱ ዕጣ ይጣል። የኔም የልጅ ልጅ ትግባበት።»

ሰኞ መምህሩ ስንጥር እንጨቶች በባርኔጣው ይዞ ዞረ፤ ረጅም ያወጣ አግዳሚ፣ አጭር ያወጣ ድንጋይ። የጎረቤቴ ልጅ ረጅም ወጣላት። የኔዋ አጭር። የሊቀመንበሩም ልጅ አጭር።

ከትምህርት ቤት ስመልሳት የልጅ ልጄ ከፊት ከፊቴ ሄደች።

«አንቺ ነሽ ያስቀማሽኝ» አለች ደጃችን ስንደርስ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኳት። በሆዴ ግን ስለ ጀርባዋ ተጨነቅሁ።

ማክሰኞ ጠዋት የመጥረቢያ ድምፅ ሰማሁ። ሊቀመንበሩ የደጁን ባሕር ዛፍ እየጣለ ነው። ልጆቻቸው አጭር ያወጡባቸው ሌሎችም መጋዝ ተውሰው መጡ፤ ረጅም የወጣላቸውም የሚመጣውን ሰኞ ፈርተው ተከተሉ። ጎረቤቴ ሕፃኑን አዝላ ሚስማር ታቀብል ነበር። በዚህ ጊዜ የማንንም ልጅ እግር የለካ አልነበረም።

በሚቀጥለው ሰኞ አግዳሚው ለሁሉም በቅቶ ስለነበር መምህሩ ባርኔጣውን ራሱ ላይ እንደደፋ ገባ። የጎረቤቴ ልጅና የኔዋ አንድ አግዳሚ ላይ ተጠጋግተዋል፤ የኔዋ አሁንም እያኮረፈችኝ፣ ለጎረቤቷ እርሳስ ታውሳለች።

ድንጋዮቹን ወደ ደጅ አወጣናቸው። ቆሎ ስናደርስ እኛ እንቀመጥባቸዋለን። ብርዱ እውነትም በዚያ በኩል ነው የሚገባው።