እናቴ በእህቴ ላይ ያሳበቀችበት እሑድ

ታላቅ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። የሰውን ወገብ በዓይኗ ትለካለች፤ ቦርጭ ያወጣውን ደንበኛ ሳታሳፍር ሱሪውን ታሰፋለታለች። ስለ ራሷ ግን ለማውራት ጊዜ የላትም። "እንዴት ነሽ?" ሲሏት፣ ጠያቂው አፉን ሳይገጥም "እግዚአብሔር ይመስገን!" ብላ ስለ እሱ ጉልበት ሕመም መጠየቅ ትጀምራለች። ማማረር ኃጢአት ይመስላታል።

እናታችን አልጋ ላይ ከዋለች አራት ዓመቷ ነው። ግማሽ ጎኗ አይታዘዝም፤ ምላሷ ግን ምንም አልሆነም። እህቴ የስፌት መኪናዋን እናቴ ክፍል አስገብታ፣ አንድ እጅጌ ገጥማ ታገላብጣታለች፤ ሌላውን ገጥማ ምሳ ታበላታለች። እኔስ? እኔ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ብርቱካን ይዤ ብቅ እላለሁ። ረዘም አድርጌ እጸልያለሁ፤ እህቴን "በርቺ፣ ዋጋሽን ጌታ ይከፍልሻል" እላታለሁ፤ ከዚያ እሄዳለሁ። እንዲህ ያለሁ ደግ ወንድም ነበርኩ።

የዚያን እሑድ ስገባ እህቴ የጨርቅ መቀሷን ከወለል ላይ ታነሳለች። "አምልጦኝ ነው" አለች። መቀሱ ከባድ ስለሆነ ልብ አላልኩትም። ብርቱካኔን አስቀምጬ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ ጸሎት ልጀምር ስል እናቴ ቀደመችኝ።

"ዛሬ የምጸልየው እኔ ነኝ። ጨፍኑ።"

ጨፈንን።

"ጌታ ሆይ፣ ይቺ ልጄ ላንተም የምትነግርህ አይመስለኝም፤ እኔው ልንገርህ። ቀኝ እጇ ደንዝዟል። ወር ሙሉ በግራዋ ነው የምታበላኝ፤ ሾርባው አፌን ትቶ አንገቴን ይጎበኛል። ሐኪሙ ኦፕራሲዮን ሆነሽ ሦስት ሳምንት ካላረፍሽ ጣቶችሽ አይመለሱም ብሏታል። ቀጠሮውን በስልክ ስትሰርዝ ሰምቻለሁ። ሽባ ነኝ እንጂ ደንቆሮ አይደለሁም!"

"እማዬ!" አለች እህቴ።

"ጸሎት አታቋርጪ! አንተ ራስህ መስቀልህን ሰው ሲያግዝህ እምቢ አላልክም፤ እሷ ማን ሆና ነው? ለወንድ ልጄም ዓይን ስጠው። ብርቱካኑ በቅቶናል።"

ዓይኔን ገለጥኩ። እህቴ ቀኝ እጇን በግራዋ ይዛ፣ የሰው ዕቃ የሰበረች ይመስል እያየችው ታለቅሳለች። በዚያ እጅ ነው የትምህርት ቤት ልብሴን ሁሉ የሰፋችልኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አራት ዓመት ሙሉ ስለ እሷ ጸልያለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ እጇን አላየሁም።

"ሦስት ሳምንት ነው" አለችኝ እህቴ ቀስ ብላ። "ማጠብ አለ፤ ማገላበጥ አለ። አንተ ደግሞ ትጸየፋለህ።"

"እጸየፋለሁ።"

"ወገብህንም ያምሃል።"

"ያመኛል።"

"እኔ ገና አሜን አላልኩም" አለች እናቴ፣ ዓይኗን እንደጨፈነች። "መልስ እየጠበቅሁ ነው።"

"ነገ ልብሴን ይዤ እመጣለሁ" አልኩ።

"አሜን። በል አሁን አዙረኝ፤ ጎኔን አቃጠለኝ።"

እህቴ እንደ ልማዷ ብድግ አለች።

"አንቺ ቁጭ በይ!" አለቻት እናቴ።

ቁጭ አለች። እኔ ኮቴን አውልቄ እጆቼን ከእናቴ ጀርባ ሥር አስገባሁ። እንዲህ ከባድ መሆኗን አላውቅም ነበር።