የካራቫኑ መሰላል

መሰላሉን የለቀቅኩት እኔ ነኝ። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ የመጣ ስለሆነ ከዚሁ ልጀምር።

ባለቤቴ በጃንሆይ ዘመን የመንገድ ሥራ ግሬደር ነጂ ነበር። ካምፓችን ከጎባ ስትመጡ ሮቤ መግቢያ ላይ ነው። ሌሎቹ ሠራተኞች በድንኳንና በቆርቆሮ ቤት ሲያድሩ ለእኛ የደረሰን አንድ ፈረንጅ ቀያሽ ጥሎት የሄደ ካራቫን ነበር፤ በሁለት ጎማ የቆመ፣ በመኪና የሚጎተት፣ አልጋና ጠረጴዛ ብቻ የሚይዝ አንድ ክፍል። ያገሩ ሰው «መነ ጎማ» ይለዋል፣ የጎማ ቤት ማለት ነው። መጀመሪያ ያሳየኝ ቀን ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም። «ሰው ሚስት የሚያገባው ቤት ሠርቶ ነው፤ አንተ ግን ጋሪ ላይ ልታስቀምጠኝ ነው?» አልኩት። «ይሻላል፤ ስትኮርፊ ጎባ እናትሽ ዘንድ አትሄጂም፣ ከነኩርፊያሽ ጎትቼሽ እዞራለሁ» አለኝ።

ጣራው ያፈስ ነበር። በባሌ አገር ዝናቡ በዓመት ሁለቴ ነው፤ አጠገባችን ያለው የሲናና ገበሬ ሁለቴ ያጭዳል፣ እኛ ሁለቴ እንበሰብሳለን። ውሃው የሚገባው ደግሞ ሌላ ቦታ የጠፋ ይመስል ልክ ከአልጋው ራስጌ ነው። ስለዚህ በየዝናቡ መሀል፣ ፀሐይ ስትወጣ፣ ባለቤቴ ጣራ ላይ ወጥቶ ስንጥቁን በሬንጅና በአቡጀዲ ይደፍናል።

እንዴት ይወጣ እንደነበር በደንብ መናገር እፈልጋለሁ፤ ግድ የለሽ ሰው ነበር ተብሎ እንዲታሰብ አልፈልግም። ጣራው ለሦስት ቀን ካልደረቀ አይወጣም። ከሳነቴ ተራራ በኩል ነፋስ ካለ አይወጣም። ከጎማዎቹ ፊትና ኋላ ድንጋይ ያስገባል፣ ከአራቱም ማዕዘን ሥር ጣውላ ደርቦ ታኮ ይመታል። ከዚያ እኔን ሻይ የሞላ ብርጭቆ አስይዞ ውስጥ ያስቀምጠኝና ከውጭ በትከሻው ይገፋዋል። ሻዩ ጠብ ካለ ታኮው እንደገና ይመታል። አንዳንዴ ሥራው ሰልችቶኝ የፈሰሰውን በቀሚሴ ጠርጌ «ምንም አልነካውም» ስለው ገብቶ ቀሚሴን ያያል። የጣራው ላሜራ ስስ ነው፤ ከሥሩ እንጨት ካለበት ቦታ በቀር የሰው ክብደት አይችልም። ስለዚህ ጫማውን አውልቆ፣ ረጅም ጣውላ አጋድሞ፣ በእሱ ላይ በጉልበቱ ነበር የሚሄደው።

መሰላሉን የሠራው ራሱ ነው። እግሮቹ የሚገቡበት ጉድጓድ አንድ ስንዝር ይቆፍራል፣ ላሜራውን እንዳይፍቅ ጫፎቹን በጆንያ ጠቅልሎታል። አንድ ነገር ብቻ መላ አልተገኘለትም። የካራቫኑ ጠርዝ እንደ ዳቦ ክብ ነው፤ መሰላሉን ከላይ የሚያስሩበት ነገር የለውም። የጎደለው ማሰሪያ እኔ ነበርኩ። ሲወጣም ሲወርድም ሁለቱን ቋሚ በሁለት እጄ ጨብጬ እቆማለሁ። ሊወርድ ሲል ከላይ «ልወርድ ነው» ይላል። እኔ «ያዝኩ» ሳልል እግሩን አያሳርፍም። አራት ዓመት እንዲህ አደረግን። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እያለ ይመክረኛል፤ «አንገቴ ተጣሞ ሲቀር ምን ልትለኝ ነው?» እለዋለሁ።

ያን ቀን ሰማዩ ጠርቶ ነበር። ባለቤቴ ሬንጁን በጣሳ አፍልቶ ወጥቷል፤ እኔ ከታች መሰላሉን ይዣለሁ። ሥራው ሊያልቅ ሲል ከካምፑ አጠገብ ባለው የገብስ ማሳ መሀል አንድ ሰው በምርኩዝ ሲመጣ አየሁ።

ማሳው የአንድ ሽማግሌ ነበር። ካምፑ እንደገባን፣ ማንም ሳያውቀን፣ በየጠዋቱ ወተት የላኩልን እሳቸው ናቸው። ሁለት ወር ታመው ከርመዋል። ሁለቴ ሄደን ጠይቀናቸዋል፤ በሁለተኛው ጊዜ ዓይናቸውን እንኳ አልገለጡም፤ ቤተሰቡ ቁርዓን ያስቀራ ነበር። እኔ ተሰናብቻቸው ነበር የወጣሁት። አሁን ግን በገዛ እግራቸው ቆመው፣ ከስተው፣ ፈገግ ብለው ወደ እኛ ይመጣሉ።

«አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ቲያ?» አሉ። ልጄ፣ እንዴት ነሽ ማለታቸው ነው።

እንዲህ ያለ ሰው ጀርባ ተሰጥቶ ሰላም አይባልም። በአንድ እጅም አይጨበጥም። ከሞት ተመልሶ የመጣ ሽማግሌ ደጅህ ሲደርስ ትሮጣለህ እንጂ እንጨት ይዘህ አትቆምም፤ አስተዳደጌ እንዲያ ነው፣ ዛሬም እንዲያው ነው። «እንኳን እግዚአብሔር ማረዎት!» ብዬ ጮህኩ፣ መሰላሉን ለቀቅኩ፣ አራት እርምጃ ያህል ሄድኩና እጃቸውን በሁለት እጄ ይዤ ጎንበስ አልኩ። እጃቸው ቀዝቃዛ ነበር፤ ላሞቀው ብዬ ይመስለኛል ቶሎ ያልለቀቅኩት።

ባለቤቴም ከላይ አያቸው። እሱም ያው ሰው ነው፣ እሱንም ያሳደጉት እንደኔው ነው። ሽማግሌ ታች ቆሞ እሱ ከራሳቸው በላይ ሆኖ እንዴት ሰላም ይበል? «አባቴ፣ መጣሁ፣ ከላይ ሆኜማ አልጨብጥዎትም!» አለ እየሳቀ። በአራት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ «ልወርድ ነው» ሳይለኝ እግሩን መሰላሉ ላይ አሳረፈ።

ዞር ስል መሰላሉ በክቡ ጠርዝ ላይ ወደ ጎን ይንሸራተት ነበር። ባለቤቴ በጀርባው የወደቀው ካራቫኑ በሚጎተትበት ብረት ላይ ነው። መሰላሉ ደረቱ ላይ ነበር፤ በገዛ እጄ አነሳሁለት። መሰላሉ ሙሉ ነበር። ስንጥቅ እንኳ አልነበረበትም።

በካምፑ መኪና ወደ ጎባ ሆስፒታል ወሰድነው። ከአልጋ የተነሱት ሽማግሌ ከኋላ፣ ከጭነቱ ቦታ፣ ራሱን ታፋቸው ላይ አድርገው መንገዱን ሁሉ ዱዓ ሲያደርጉ ሄዱ። ሐኪሞቹ እግሩን በመርፌ ሲወጉት አልተሰማውም።

ጠያቂ ጎረፈ። ያገራችን ጠያቂ ደግሞ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ እንዴት ሆነ? ባለቤቴ ሁለት ቀን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ዋለ። በሦስተኛው ቀን ለካምፑ ጓደኞቹ «መረገጫው ተሰበረብኝ» ሲል ሰማሁት። ወደ እኔ አላየም። እኔም አላረምኩትም። በማግስቱ ልብስ ልቀይር ሮቤ ስመለስ መሰላሉ ካራቫኑ ሥር ተጋድሟል፤ ከላይ ሦስተኛው መረገጫ ለሁለት ተሰብሯል፣ ስብራቱ ገና ነጭ ነው። የካምፑ ዘበኛ «ሽማግሌው ትናንት መጥተው በመጥረቢያ ጀርባ አንዴ መቱት። ሰው እንዳይወጣበት ነው አሉኝ» አለኝ።

ማሳቸው ድረስ ሄጄ ጠየቅኳቸው።

«ባልሽ ለመነኝ» አሉ። «እናቴ መጥታ ሳታይ መረገጫውን ይስበሩልኝ አለኝ። እኔ ውሸት ሀራም ነው ስል የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ልጄ። ስለዚህ አልዋሸሁም። ሰበርኩት። ከእንግዲህ ተሰበረ ቢባል እውነት ነው።» ይህን ብለው ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ሽማግሌ ሲያለቅስ ማየት ነውር ስለመሰለኝ ወደ ገብሱ ዞርኩ።

አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ የሚኖሩት ገሰራ ገጠር ነበር። ልጃቸው የጎባ ልጅ ማግባቱን አልወደዱትም፤ በሠርጋችን ቀን፣ እኔ በምሰማበት፣ «የከተማ ልጅ እጅ ምን ሊይዝ» ብለዋል። ባለቤቴ የፈራው ይህን ነው። እንደመጡ መሰላሉን አሳዩኝ አሉ። ቁጭ ብለው የተሰበረውን መረገጫ በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

«ይህ ከእኔ ጓሮ የተቆረጠው ባሕር ዛፍ ነው?»

«አዎ፣ እናቴ» አልኳቸው።

መሰላሉን መልሰው አጋደሙት። እኔንም አልወቀሱኝም። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እፎይ ነው ያልኩት።

አንድ ቀን ብቻችንን ስንሆን ለባለቤቴ «እኔ እኮ ነኝ የለቀቅኩት» አልኩት። «እኔም አልተጣራሁም» አለ። «ሁለታችንም ሰው እናክብር ብለን ነው። ይህን ግን ለሰው ብናወራው ማን ይገባዋል? መረገጫው ነው የተሰበረው፣ በቃ።» ከዚያ ወዲያ እንዳነሳው አልፈቀደልኝም። በሁለተኛው ወር ትኩሳት ያዘው፤ ሳይለቀው ሞተ። ዕድሜው ሠላሳ አልሞላም ነበር። ካራቫኑን በትራክተር ጎትተው ወደ ሌላ ካምፕ ሲወስዱት የአልጋችን ራስጌ አሁንም ያፈስ ነበር።

አማቴ «ሌላ ልጅ የለኝም፣ አንቺ ነሽ ልጄ» ብለው ወደ ገሰራ ወሰዱኝ። አምስት ዓመት አብረን ኖርን። ያ የሠርግ ቀን ምላስ የት እንደገባ አላውቅም። ከራሳቸው አስቀድመው ያጎርሱኛል፤ ብርድ ሲሆን የራሳቸውን ጋቢ ያለብሱኛል። ለመጣው ሁሉ «ምራቴ እስከ መጨረሻው ይዛለት ነበር፤ እንጨቱ ነው የከዳቸው» ይላሉ። እኔ አንገቴን ደፍቼ እሰማለሁ፤ ሰው ከሐዘን ይመስለዋል። አፍሬ ነበር። በየጊዜው ዛሬ እነግራቸዋለሁ እላለሁ፤ ጉርሻው ይመጣል፣ እውጠዋለሁ፣ ነገሩም አብሮ ይወርዳል።

በሁለተኛው ዓመት የጓሯቸውን ባሕር ዛፍ አንድም ሳይቀር አስቆረጡና ለቤተ ክርስቲያን አጥር ሰጡት። ለምን ስላቸው «ጥላው ገብሱን ጎዳው» አሉ። ማሳቸው ከጓሮው ማዶ ነው፤ ጥላው አይደርስበትም። ይህን አውቅ ነበር። ያመንኳቸው ማመን ስለሚመቸኝ ነው።

በአራተኛው ዓመት ሽማግሌው አረፉ። ሮቤ ወርጄ ለቅሶ ደርሼ ተመለስኩ። በዓመቱ አማቴ ታመሙ፣ እህል አልወርድ አላቸው። አንድ ከሰዓት በኋላ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ እግራቸውን ሳሽ፣ ዓይናቸውን ጣራው ላይ ተክለው መናገር ጀመሩ።

«ለመሰላሉ መረገጫ ወይራ ስጪኝ ብሎኝ ነበር። ወይራውን ለቤቴ ምሰሶ አስቀምጬው ነበርና ሰሰትኩ። ባሕር ዛፉ ይበቃሃል አልኩት። ልጄን የገደልኩት እኔ ነኝ። አንቺን ባል ያሳጣሁሽ እኔ ነኝ። አምስት ዓመት ሙሉ ልነግርሽ እየፈለግኩ ፈራሁሽ።»

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳቸው። እየተንተባተብኩ፣ እያለቀስኩ፣ ምንም ሳላስቀር፤ ሽማግሌው እንዴት እንደመጡ፣ እጄ የት እንደነበረ፣ መሰላሉን ከደረቱ ላይ ሳነሳው ሙሉ እንደነበር፣ መረገጫው በኋላ በመጥረቢያ እንደተሰበረ። አማቴ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ እጃቸውን ራሴ ላይ አደረጉ። ፈገግ ብለው ነበር።

«አይ ልጄ» አሉ። «እኔ ቀሎኝ እንድሞት ብለሽ ይህን ሁሉ በራስሽ ላይ ትጭኚ?»

«እውነቴን ነው፣ እናቴ። እምላለሁ።»

«ተይ፣ በሐሰት አትማይ። ስብራቱን በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ በጣቴ ዳብሼዋለሁ።»

«ሽማግሌው ናቸው የሰበሩት…»

«ሙት አታንሺ። ደግሞስ እንዳልሽው ቢሆን አምስት ዓመት በእጄ እየጎረስሽ ዝም ትዪኝ ነበር? አንቺ እንዲህ ያለ ሰው አይደለሽም።»

መረቁኝ። እኔ የምጠራው ምስክር አልነበረኝም፤ አንዱ ጎባ ተቀብሯል፣ አንዱ ሮቤ። በማግስቱ የንስሐ አባታቸውን አስጠሩ፤ እኔ ውጭ ቆሜ ስለ ወይራውና ስለ ባሕር ዛፉ ሲናዘዙ ድምፃቸው ይሰማኝ ነበር። ባልሠሩት ኃጢአት ንስሐ ገብተው በሦስተኛው ቀን አረፉ።