ውቢት የተወችው ዜማ

ውቢት የገንዳ ውሃ ከተማ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ከሥራ ስትወጣ የሰንበት ትምህርት ቤቱን መዘምራን ታስጠናለች። ከበሮ አንገቷ ላይ ከዋለ ሙቀቱም ድካሙም አይታወቃትም።

ለኅዳር ሚካኤል ግጥሙንም ዜማውንም ራሷ የደረሰችው መዝሙር ገና በዓሉ ሳይደርስ ከተማውን አዳረሰ። ልምምዱን በስልክ የቀዱ ልጆች ለባጃጅ ሹፌሮች ሰጡት፤ ሰሊጥ ሊያጭዱ ከጎጃም የወረዱ ሠራተኞችም እርሻ ላይ እየተቀባበሉ ያዜሙት ጀመር።

ከጤና ጣቢያው በር ሻይ የሚሸጠው ሱዳናዊው ሳጂድ አንድ ቀን ከባጃጅ ሲሰማው ፊቱ በራ።

«ሲስተር፣ በዚህ እኮ እኛ ገዳሪፍ ሙሽራ ስናጅብ እንጨፍርበታለን!» አለና በዐረብኛ ዘፈነላት።

ቃሉ ሌላ ነው፤ ዜማው ግን ያው ራሱ። ውቢት ከእናቷ ከእትዬ አሰበች ጋር ያደገችው መተማ ዮሐንስ፣ የሱዳን ድንበር አፍ ላይ ነው። ከሱዳን ከሚገቡት መኪኖች ስትሰማው ኖራ፣ ሳታውቀው ውስጧ ቀርቶ ኖሯል።

«ለሰርግማ እንዴት ያምራል!» አለችው ከልቧ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ደብሩ የዜማ መምህር ወደ መሪጌታ ፀሐዩ ሄደች።

«የኔታ፣ ኃጢአት ሠርቻለሁ?»

«ዜማው ምን አጠፋ? ድምፅን የፈጠረው እግዚአብሔር ነው። ግን ልጄ፣ ስትዘምሪው ልብሽ ወዴት ይሄዳል?»

«እስከ ዛሬ ወደ መልአኩ ነበር። አሁን ሙሽራይቱ እየመጣች ታስቸግረኛለች።»

«እንግዲያው ፍርዱ የአንቺ ነው» አሏት።

ዜማውን እንደምትተወው ለመዘምራኑ ስትነግራቸው ጉባኤው ታወከ። ከበሮ መቺው ትግሉ በጣም ተቆጣ።

«ሕዝቡ የሚጠብቀው ያንን ነው! ደግሞስ ዘፈኑን እዚህ ማን ያውቀዋል?»

«እኔ አውቄዋለሁ» አለች። «ሰው ስለወደደልኝ ብዬ፣ ልቤ ሰርግ ቤት እያለ ታቦት ፊት አልቆምም።»

ግጥሙን እንዳለ ያዘች። ለዜማው ግን መሪጌታ ዘንድ ተመላልሳ፣ ከያሬድ ዜማዎች በአንዱ፣ በአራራይ፣ አዲስ አወጣችለት። ትግሉ እያጉረመረመም ቢሆን አጠና።

በበዓሉ ቀን ሕዝቡ የለመደውን ሲጠብቅ ሌላ ሰማ፤ ለጊዜው የሚያጨበጭብ ጠፋ። ውቢት ሳትደናገጥ ቀጠለች። ያኔ የሰንበት ተማሪ መዝሙር ተቀብለው የማያውቁት መሪጌታ ፀሐዩ መቋሚያቸውን አንሥተው አዝማቹን ተቀበሉ። የሰሊጥ ሠራተኞቹ ተከተሏቸው፤ እልልታው ቅጥሩን ሞላው።

ሴቶቹ መካከል አንዲት እንግዳ፣ «ይቺ ልጅ የማን ናት?» ብላ ጠየቀች።

ከመተማ ዮሐንስ ለንግሡ የመጡት እትዬ አሰበች ነጠላቸውን አስተካክለው ቀና አሉ።

«የእኔ» አሉ። «የእኔ ልጅ ናት።»