የሰው ካርታ፣ የከብት ካርታ

አዳማ ውስጥ በእንስሳት ክትባት ቡድን ሥራ የጀመርኩ ቀን መርፌ የሚያስይዙኝ መስሎኝ ነበር። ቡድን መሪያችን ጋሽ ታፈሰ ግን ሁለት ካርታ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው፣ «ከአዳሚ ቱሉ በኋላ መኪና አይገባም። ሁለት ቀን በእግር ነው። በየትኛው እንሂድ?» አሉኝ።

አንዱ የድሮ የታተመ ካርታ ነው፤ እጥፋቱ ተበጣጥሶ በፕላስተር ተለጥፏል። ሌላው ከአውራጃ የመጣ ንድፍ ሲሆን፣ በደርግ የመንደር ምሥረታ የተሠሩትን አዳዲስ ሰፈሮች በቀይ እስክሪብቶ ያሳያል። አዲሱን መረጥኩ። ሰዉ ከሄደ ከብቱም አብሮት ይሄዳል ብዬ ነው። ጋሽ ታፈሰም ተስማሙ፤ አሮጌውን ግን «ወረቀት አይከብድም» ብለው ኪሳቸው ከተቱት።

ያኔ ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ ጎረቤት ወረዳ ገብቶ ነበር። ክትባቱ ደግሞ በረዶው ከቀለጠ ዋጋ የለውም። ሣጥኑን በአህያ ጭነን ስንጓዝ ዓይኔ ከሣጥኑ አልተነቀለም። ጋሽ ታፈሰ፣ «አንተ ልጅ፣ አህያዋን በዓይንህ በላሃት እኮ» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር።

በሁለተኛው ቀን መንደሩ ደረስን። ቤቶቹ በገመድ የተለኩ ይመስል ተሰልፈዋል፤ ከብት ግን የለም። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር፣ «በሚመጣው ሳምንት እናስነዳለን» አሉ። ሣጥኑን ከፈትኩት። የቀረው በረዶ ከእፍኝ አይበልጥም። ሳምንት ቀርቶ አንድ ቀን አያቆይም።

አደ ሞሚና የሚባሉ እናት ከደጃፋቸው ሆነው ሰሙን። «ሆሪ ነው የምትፈልጉ? ከብቱ እዚህ መጥቶ ምን ይጠጣል? ውሃው እዚያው የድሮው ቀዬ ቀረ» አሉ።

ጋሽ ታፈሰ አሮጌውን ካርታ መሬት ላይ ዘረጉት። ኩሬው በሰማያዊ ተሥሏል፤ ሩቅም አይደለም። አደ ሞሚናም ሁለት ላሞች ስለነበሯቸው አብረውን ወጡ።

ከብቱን በሙሉ ኩሬው ዳር አገኘነው። ላብ እያጠመቀን እየተሯሯጥን ወጋን። የመጨረሻው ጠርሙስ ለአደ ሞሚና ላሞች ደረሰ።

ስንጨርስ አደ ሞሚና ከኩሬው ማዶ ያለ የፈረሰ አጥር አሳዩን። «ቤቴ ያ ነበር። ላሞቼ ከእኔ ይሻላሉ፤ ተነሡ ያላቸው የለም» አሉ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ንግግር ያሳስር ነበር። ጋሽ ታፈሰ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ጋሽ ታፈሰ ዛሬ በሕይወት የሉም። ከእሳቸው ጋር የተጓዝኩበት አቧራ እንኳ ይናፍቀኛል።

አሁን ለመስክ የሚወጡ ልጆች የትኛው ካርታ እንደሚሻል ይጠይቁኛል። ሰው በትእዛዝ ይነሣል፤ ከብት ከውሃው አይነሣም። ካርታ ከመምረጣችሁ በፊት ማንን ፍለጋ እንደምትሄዱ ወስኑ።