አጎቴ የዋሹልኝ ቀን

ሮቢት ከተማ ይኖሩ በነበሩት አጎቴ ለቅሶ ላይ ሁሉም “ዋሽተው አያውቁም” እያለ መሰከረላቸው። አንድ ጊዜ እንደዋሹ የማውቀው እኔ ብቻ የሆንኩ መሰለኝ።

ቆቦ ባለው ቤታችን የእጅ መታጠቢያው በተዘጋ ቁጥር የምንጠራው እሳቸውን ነበር። በማሽላ አገዳ ይጎረጉሩታል፣ ካልሆነም ከሥር ያለውን ቆልማማ ቧንቧ ይፈታሉ። ያወጡትን ግን ለማንም አያሳዩም። እንደ ልማዳቸው “ወላሂ፣ የሰው ቤት ጉድፍ ይዤ ገበያ አልወጣም” ይላሉ። እውነት ሁሉ ይነገር እያልኩ በመጻፍ የምተዳደር ሰው ነኝና እስቅባቸው ነበር።

አንድ ቀን ያወጡት የሲጋራ ቁራጭ ሆነ፤ ትቻለሁ ብዬ ለሚስቴ የማልኩበት ሲጋራ። እሷ ከበሩ ላይ “ምንድን ነው የዘጋው አባባ?” አለች።

ጭብጣቸውን ዘግተው “ሩዝ ነው ልጄ” አሏት። ስሸኛቸው “አላህ ይይልህ፣ ሁለተኛ እንዳታስዋሸኝ” አሉኝ።

ከቀብራቸው በኋላ ውሃው እንደገና አልወርድ አለ። ቧንቧውን ራሴ ፈትቼ ያወጣሁትን እንደጨበጥኩ ሚስቴ መጣች።

“አጎትህን ያለ ወላሂ ሲያወሩ የሰማኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው” አለችኝ። “ዝም ያልኩት እሳቸውን ላለማሳፈር ነበር። አሁን እሳቸው የሉም። እጅህን ክፈት።”